የመኪናችሁ ጌጥ ሲላቀቅ ሱፐር ግሉ አትግዙ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መስቀል አልፎ ፀሐይ መውጣት ሲጀምር ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ጥያቄ ይመሳሰላል። «እታለም፣ ሱፐር ግሉ አለሽ?» ለምን እንደፈለገው መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ደጅ የቆመውን መኪና አየት ሳደርግ ነገሩ ይገባኛል። ወይ በሩ ላይ ያለው የጎን ላስቲክ ጫፉ ተነስቷል፣ ወይ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስቲከር ተሰነጣጥቆ ተልጧል።

ሱፐር ግሉ አለኝ። ለዚህ ሥራ ግን አልሸጥም። ብር ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጥቶ እኔኑ ነው የሚያማርረኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ክችች ብሎ ይቀራል፣ መለጠጥ አያውቅም። መኪና ደግሞ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሙጫው ይሰነጠቅና ላስቲኩ መልሶ ይነሳል። የባሰው ነገር፣ የደረቀው ሙጫ ቀለሙ ላይ ግግር ብሎ ይቀራል፤ ልፋቀው ስትሉ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይነሳል። ማስቲሽም ቢሆን ለጫማ ነው የሚያምርበት። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ላስቲኩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል።

እኛ አገር ጌጥ ቶሎ የሚላቀቅበት የራሱ ምክንያት አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ይባላል። ብርዱ ስላለ ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል እንጂ ፕላስቲኩን በደንብ ነው የሚያቃጥለው። ጠዋት መኪናው ላይ ጤዛ አለ፣ ቀትር ላይ ጥቁሩ ላስቲክ እጅ አያስነካም። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ከደጀን ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ፕላስቲክ በሙቀት ከላሜራ በላይ ይለጠጣል። ሁለቱን ያያዛቸው ማጣበቂያ በዚህ ሁሉ መሐል ይጎተታል። ዓመታት ሲቆጠሩ ይደክማል፣ ከዚያ የክረምቱ ዝናብና ጭቃ ከስሩ ገብቶ ይጨርሰዋል።

የኔዋ ኮሮላ በፈረንጅ 1998 የተሠራች ናት። እዚህ የምነግራችሁን ሁሉ የሠራሁት በእሷ ላይና በደንበኞቼ መኪና ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የተበላሸው ምን እንደሆነ ለዩ። የጎን ላስቲክ፣ ጥቁር ስቲከርና ክሮም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ላስቲክ ተላቆ ዕቃው ግን ደህና ከሆነ መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ስቲከር ከተሰነጠቀ መልሶ አይለጠፍም፤ ይነሳና በሌላ ይተካል። ክሮም ከተላጠ ደግሞ ክሮምነቱን ረስታችሁ ቀለም መቀባት ነው።

የጎን ላስቲክ

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ጥቅምትና ኅዳር ግሩም ናቸው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው መሐል ይሁን። ላስቲኩን መልሰን የምንለጥፈው በደብል ቴፕ፣ ማለትም በሁለቱም ፊቱ በሚጣበቅ ቴፕ ነው፤ ማጣበቂያው ላሜራው ቢያንስ ከ15 ዲግሪ በላይ ሞቅ ሲል ነው በደንብ የሚይዘው፤ 20ዎቹ ውስጥ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ መለጠፍ ልፋት ብቻ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ብርዱ አያስቸግራችሁም። በክረምት ግን የትም ብትሆኑ ከደረቅ ጋራዥ ውጪ አትሞክሩት።

የተነሳው ጫፉ ብቻ ከሆነና ከስንዝር በታች ከሆነ ሙሉውን ማንሳት አያስፈልግም። ጫፏን ብቻ አጽድታችሁ አዲስ ቴፕ አስገቡላት። ከስንዝር ካለፈ ግን ቀሪውም ደክሟል ማለት ነው። ሙሉውን አንሱት።

ከማንሳታችሁ በፊት ቦታውን ምልክት አድርጉ። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር በላስቲኩ የላይ ጠርዝ ልክ በሩ ላይ ለጥፉ። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ ላስቲኩ ጠማማ ሆኖ በሩቅ ያስታውቃል። የፊት በር ላስቲክ ደግሞ ወደ ኋላ ትንሽ ከገፋ በሩ ሲከፈት ከኋላው በር ጋር ይጋጭና በመጀመሪያው ቀን ይነቀላል። የነበረው ክፍተት እንደነበረ ይመለስ።

አሁን አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ ካለ በእሱ እያመላለሱ ማሞቅ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ፎጣ በፈላ ውሃ ነክሮ ላስቲኩ ላይ ማድረግ ይሠራል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቀለሙን አይጎዳም፤ እጃችሁን ግን ጓንት አልብሱት። ውሃው ቀዝቃዛ መስታወት ላይ እንዳይፈስ፣ ይሰነጠቃል። ከሰልም ሆነ ሌላ እሳት አጠገቡ አታድርሱ።

ለመቁረጥ ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ቢላም ይቅር። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ግዙ። ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ ሞልቷል። ሁለቱን ጫፍ አጫጭር እንጨት ላይ ጠቅልሉና ከላስቲኩ ጀርባ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ቴፑን መሐል ለመሐል እየቆረጠ ይሄዳል፣ ቀለሙን አይነካም። ክሩ አንድ ቦታ ላይ አልሄድም ካለ አትታገሉት። አንዳንዱ ላስቲክ ጫፉ ላይ በሩ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ፒን አለው። እዚያ ቦታ ላይ በእጅ ቀጥ አድርጎ ወደ ውጪ መሳብ ነው። ፒኑ ከተሰበረ ምትኩ ይገኛል፣ አትደንግጡ።

ጽዳቱ

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሰው ውድ ቴፕ ይገዛና ቆሻሻ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ቴፑን ይሳደባል፣ ከቴፑ ቀጥሎ እኔን።

በሩ ላይ የቀረውን የድሮ ቴፕ መጀመሪያ እያሞቃችሁ በአውራ ጣት አንከባሉት። ብዙው በዚያው ይነሳል። የቀረውን ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክራችሁ አርጥቡትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርድ ፋቁት። ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለም አይጭርም።

ቲነር እንዳትነኩ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ከሚሄዱት አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተቀብተዋል። የፋብሪካ ቀለም ቲነርን ትንሽ ሊችል ይችላል፤ ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም ግን ወዲያው ይለቃል። ከተጠራጠራችሁ በሩን ክፈቱና ከውስጥ በማይታይ ቦታ ላይ በጨርቅ ሞክሩ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ መልሱን አገኛችሁ።

ነጭ ጋዝ ራሱ ቅባት ነው። ስለዚህ በላርጎና በውሃ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት። በመጨረሻ ከፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ጥረጉት። አንድ ንጹሕ ጨርቅ ለመጥረግ፣ ሌላ ለማድረቅ፤ አንዱን ጨርቅ ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁ ቆሻሻውን ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ ቦታውን በእጃችሁ አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ይበቃዋል። አንድ ደንበኛዬ አልኮል ሲጠፋው በአረቄ ላጥራው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሰው እየሳቀ ነው የሚጠይቀው፣ ግን ከልቡ ነው። አይሆንም። አረቄ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፣ ደግሞም ቅባትነት ያለው ነገር ያስቀራል። ለሠርጉ ይቀመጥ።

ላስቲኩ በነበረበት ቦታ ዝገት ካያችሁ ሥራው ቆመ። በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ላሜራ እስኪታይ ፍቁት፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት፣ ከላዩ የመኪናውን ቀለም። እዚያ ላይ ቴፕ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ሁለት ሳምንት አስቆየዋለሁ። ላስቲክ የሌለበት በር ለሁለት ሳምንት ቢታይ ማንም አይሞትም።

የላስቲኩንም ጀርባ በዚያው መንገድ አጽዱ። ከተጣመመ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስተኝታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ይቃናል። ዕድሜ የጠገበ ላስቲክ ትንሽ ያጥራል። ጎትታችሁ በድሮው ልክ ለማድረስ አትሞክሩ፤ የተጎተተው መልሶ ይሰበሰብና ጫፉን ይነቅለዋል። በሁለቱም በኩል እኩል ክፍተት ትታችሁ መሐል ላይ አስቀምጡት።

ቴፑና መለጠፉ

ደብል ቴፕ ብላችሁ ስትጠይቁ ሁሉም ሱቅ አለ ይላችኋል። ነጩንና ወፍራሙን ስፖንጅ አትውሰዱ። ያ ግድግዳ ላይ ፎቶ ለመስቀል ነው፣ አንድ ክረምት አይወጣም። የምትፈልጉት ለመኪና ተብሎ የተሠራውን፣ ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነውን የአክሪሊክ ፎም ነው። የስሪ ኤም ዓይነቱ ጥሩ ነው፣ አስመስሎ የተሠራውም ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በስሙ ብቻ አትመኑ፤ ጫፉን ቆርጣችሁ ሳቡት። ደህናው ሳይበጠስ ይለጠጣል። ርካሹ ወዲያው ቡጥቅ ይላል።

የቴፑ ስፋት ከላስቲኩ ትንሽ ይነስ፤ ጠርዙ ውጪ እንዳይታይ። በላይኛው ጠርዝ በኩል ያለው መስመር ያለ ማቋረጥ ይሂድ፣ ዝናብ የሚገባው በዚያ ነውና። በታች በኩል ግን እዚህም እዚያም የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ተዉ። የገባ ውሃ መውጫ ካጣ ላሜራው ላይ ተኝቶ ዝገት ይጀምራል።

የመከላከያ ወረቀቱን ሙሉውን አንስታችሁ ለመለጠፍ ከሞከራችሁ ላስቲኩ በመጀመሪያ የነካውን ቦታ ይይዝና አበቃ። ይልቅ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ ብቻ ላጡና ወረቀቱን ወደ ጎን አጥፋችሁ አውጡት። ላስቲኩን በፕላስተሩ ምልክት ልክ አስቀምጡ። ትክክል መሆኑን ራቅ ብላችሁ እዩ። ከዚያ አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ወረቀቱን እየሳበ ያውጣ። እኔን የወንድሜ ልጅ ነው የሚያግዘኝ፤ ስልኩን ኪሱ እንዲከት ማድረጉ ነው ከባዱ።

አሁን መጫን ነው። በመዳፍ፣ በሙሉ ኃይል፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው። ጨርቅ የተጠቀለለበት ጠርሙስ እያንከባለሉ መጫንም ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ማጣበቂያ የሚይዘው ሲጫን ነው፤ ወደ ላሜራው ጥቃቅን ቀዳዳ የሚገባው በግፊት ነው። ሞቅ ባለ አየር ከ20 ደቂቃ በኋላ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያገኛል። በ24 ሰዓት 90 በመቶ ይደርሳል፣ ሙሉ ለመሆን 72 ሰዓት ይፈልጋል። ብርድ ካለ ይረዝማል። ስለዚህ በወረቀት ፕላስተር አሥራችሁ አሳድሩት። ሦስት ቀን ሙሉ ላቫጆ የለም።

ጥቁሩ ስቲከር

ብዙ የጃፓን መኪናዎች በበሩ ፍሬም ላይ፣ በፊትና በኋላ መስኮት መሐል፣ ጥቁር ስቲከር አላቸው። ቀለም ይመስላል እንጂ ቀለም አይደለም። ሲሰነጠቅ ጥገና የለውም። የተላጠውን ቦታ ብቻ በጥቁር ማርከር ወይም በቀለም የሚሸፍኑ አሉ፤ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ለምን እንደሚደክሙ አይገባኝም።

አሙቁትና ከጫፉ ጀምሮ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ በዝግታ ሳቡ። ቶሎ ከሳባችሁት ይቆራረጣል፣ ማጣበቂያው ሁሉ ላሜራው ላይ ይቀራል። የቀረውን ከላይ እንደነገርኳችሁ በነጭ ጋዝ፣ በላርጎና በአልኮል አጽዱ።

ምትኩን ከመለዋወጫ ሱቅ አትፈልጉ። ባጃጅ ላይ ጥቅስ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ቤቶች ጋ ሂዱ። ጥቁር የማያብረቀርቅ ስቲከር በሜትር ይሸጡላችኋል። መጀመሪያ በወረቀት ልኩን አውጡና በዚያ ልክ ከመኪናው ውጪ ቁረጡት። መኪናው ላይ አድርጎ በምላጭ መቁረጥ ላሜራውን ለዝገት መክፈት ነው። ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምራችሁ ቦታውን እርጩት። ያን ጊዜ ስቲከሩ ወዲያው ስለማይዝ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ታስተካክላላችሁ። ከመሐል ወደ ዳር በካርድ ውሃውን አስወጡ። ማዕዘኑን ሹል አታድርጉት፣ ክብ አድርጉት፤ ሹል ማዕዘን ቀድሞ ይነሳል። ጠርዙን ከመስኮቱ ላስቲክ ስር ሸጎጥ ማድረግ ከቻላችሁ ዕድሜው ይረዝማል። በመጨረሻ ዳር ዳሩን አሙቁና ተጫኑት።

ስቲከር የማይወድ በስፕሬይ መቀባትም ይችላል። 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከዚያ ጽዳት፣ ከዚያ መስታወቱንና በሩን በጋዜጣ መሸፈን። ጥላ ቦታ ላይ ሥሩ፤ በቀትር ፀሐይ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ ይደርቅና ሻካራ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ። በአንዴ ላጥቁረው ካላችሁ ይወርዳል።

ክሮምና ሌላው

ከኋላ ታርጋ በላይ ያለውና ፍርግርጉ ላይ ያለው አብረቅራቂ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ብረት አይደለም። ፕላስቲክ ነው፤ መዳብ፣ ኒኬልና በጣም ስስ ክሮም ተለብጦበታል። ሲላጥ ጠርዙ ምላጭ ነው። በጥፍራችሁ አትላጡት፣ ጓንት አድርጉ። ቤት ውስጥ መልሶ መለበጥ አይቻልም። የተነሳውን በሙሉ አስወግዱ፣ የቀረውን በ320 ፍቁ፣ በ600 አለስልሱ፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ቀቡ፣ ከዚያ ጥቁር ስፕሬይ። ፕራይመሩን ከዘለላችሁት ቀለሙ በቅርቡ ይነሳል። ክሮም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያለ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሌላ መኪና የተፈታ ይፈልግ።

የደበዘዘ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ናፍታ የሚቀቡ፣ የኑግ ዘይት የሚቀቡም አሉ። ለአንድ ቀን ያምራል። ናፍታ ላስቲክ ያበላሻል፣ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይሰበስብና ይጣበቃል። ነገ ቴፕ የምትለጥፉበት ቦታ ከሆነ ጭራሽ አታስቡት። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ቅባት አለ።

ጋራዥ ብትወስዱትም አጠገቡ ቁሙ። አንድ ደንበኛዬ መኪናውን ሰጥቶ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ሲመለስ አራቱንም በር በብሎን ቸንክረውለት አገኘ። ላስቲኩ አይነሳም፣ እውነት ነው። በየብሎኑ ቀዳዳ ግን ዝገቱ እየወረደ በሩ ላይ ቡናማ መስመር ሠርቷል። በብሎንና በሪቬት አይሆንም በሏቸው፣ ቴፑን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ላቫጆ ስትገቡ ልጆቹን የግፊት ውሃውን በላስቲኩ ጫፍ ላይ ቀጥታ እንዳይደግኑት ንገሯቸው፤ ቢያንስ ክንድ ያህል ይራቁ፣ ከላይ ወደ ታች ያጠቡ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ጫፍ ጫፉን በጣታችሁ እየጫናችሁ ፈትሹ። የላላ ካገኛችሁ ያኔውኑ በአልኮል ጠርጋችሁ ትንሽ ቴፕ አስገቡለት። ሐምሌ ላይ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ጥቅምትን ጠብቁ ነው የምላችሁ።